የመለስኳቸው ሳህኖች

መጋቢት 3፣ ሰኞ

ትናንት ማታ ሦስት ሳህን መለስኩ። መመለሴ ትክክል ነበር። ይህን አስቀድሜ ልጻፍና ሌላው ይከተል።

ከጥርስ ሐኪም ቤቱ ሥር ባለችው የሕንዶቹ ምግብ ቤት ነበርን፤ እኔ፣ ልጄና ይዛው የመጣችው ሰውዬ። ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳዬን የምበላው እዚያ ነው። ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት። ልጁ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ ሚስቱ ታስተናግዳለች፣ እናቱ ታበስላለች። እናቲቱን ፊቷን አይቼው አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ሳህን በሚወጣበት መስኮት ብቅ የሚለውን ባለ አምባር እጇን ብቻ ነው። ያ እጅ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ትናንት አሳፈረኝ። ከሙኑ ዘይቱ ውስጥ አርሮ ምስሩ ጢስ ጢስ ይላል፤ መለስኩት። ሩዙ ከድስቱ ቂጥ የተፋቀ ነው፤ መለስኩት። ደበርጃኑ ላይ የተነሰነሰው ቅመም ደግሞ ጨርሶ እሳት አልነካውም፤ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ነው። መለስኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ልጃገረዶችን የቤት አያያዝ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያረረን አርሯል እላለሁ።

ሰውዬው ግን ሁሉም ይጥመዋል። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው።

«ምስሩስ?» አልኩት።

«ይጣፍጣል፣ እማማ።»

«ሩዙስ?»

«በጣም ይጣፍጣል።»

አቶ ይጣፍጣል! ያረረ ምስር ይጣፍጣል የሚል ሰው፣ ነገ ልጄ ስታለቅስ አይቶ ደስ ብሏታል ይላል።

ሦስተኛው ሳህን ሲመለስ ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማ፣ የመጣነው አንድ ነገር ልንጠይቅሽ ነበር» አለች። «አሁን ግን ልንገርሽና ይብቃ። ሚያዝያ ስድስት ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን። ብትመጪም ባትመጪም።» ካፖርቷን አንስታ ወጣች። እሱ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ወንበሯን ወደ ቦታው መልሶ፣ «ደህና ይደሩ እማማ» ብሎ ተከተላት።

ስወጣ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጆሮዬ ደህና ነው። «ምስኪን ልጅ» ነው ያሉት። የትኛዋን ልጅ እንደሆነ አልገባኝም።

ጥፋቱ የምስሩ ነው።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ደወልኩ። አላነሳችም።

ማታም ደወልኩ።

መጋረጃ አጠብኩ። ምን ሊጠይቁኝ ነበር?

መጋቢት 6፣ ሐሙስ

ከምሳ በኋላ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ሄድኩ። ቅሬታ በወጉ የሚቀርበው ሰው በሌለበት ነው። ልጁ ሲያየኝ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«እማማ፣ ለእሑዱ በጣም ይቅርታ። ደንበኛውም እየሸሸን ነው። እናቴ ደክማለች። በቆርቆሮ የታሸገ ቅመም አለ አሉ፤ ውሃ ጨምሮ ማፍላት ብቻ ነው። እሱን ላስመጣና እሷ ፎቅ ላይ ትረፍ እያልኩ ነው።»

«በቆርቆሮ?» አልኩት።

«ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጣዕም ነው፣ እማማ።»

«መድኃኒትም እንደዚያው ነው» አልኩትና ሳላስፈቅደው ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ።

እናቲቱ አጭር ናት፤ ምድጃው ጋ ለመድረስ የእንጨት ሳጥን ላይ ትቆማለች። ብረት ምጣዱ ውስጥ ዘይት እየጋለ ከሙን ጨምራበት ነበር።

«ማን ነሽ?» አለችኝ።

«ምስሩን የመለስኩት ነኝ።»

«ሩዙንስ?»

«እሱንም።»

«ደበርጃኑንስ ማን መለሰው?»

«እኔ።»

«እንግዲያ ሰው አልበዛም» አለች። «አንድ ሰው ብቻ ነው የጠላኝ።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። «ከመስኮቱ ከማውጣትሽ በፊት ቀምሰሽዋል?» ብዬ ጠየቅኳት። የኔ ተማሪዎች በአንዱ ማንኪያ ይቀዳሉ፣ በሌላው ይቀምሳሉ፤ ያልተቀመሰ ምግብ ከወጥ ቤት አይወጣም።

እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች። ከምድጃው ራቅ ብሎ አንዲት መደርደሪያ አለች፤ የአምላካቸው ትንሽ ሥዕል፣ ትንሽ መብራት፣ ከፊቱም የእንቁላል ቅርፊት የምታህል ጎድጓዳ ሳህን። «እኛ ቤት ቀድሞ የሚቀርበው ለእሱ ነው» አለች። «እሱ ሳይቀምስ እኔ አልቀምስም። እናቴም አልቀመሰች፣ አያቴም።»

«ታዲያ መብሰሉን በምን ታውቂያለሽ?»

«ጨው በእጄ፣ ቅመም በአፍንጫዬ።»

ይህን ስትለኝ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ከጀርባዋ ምጣዱ ጢሱን ለቀቀ። እኔን በሩ ላይ እንደቆምኩ አፈነኝ። እሷ ወሬዋን ቀጠለች።

«ሴትዮ፣ ከሙንሽ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞረች። ጥቁር ሆኗል። ምጣዱን አነሳች፣ ዘይቱን ደፋች፣ ምንም እንዳልሆነ ሌላ ዘይት ቀዳች። አምባሯ ግን እርስ በርሱ ሲጋጭ ሰማሁት።

«ጉንፋን ነው» አለች። «የብርዱ ጊዜ ያዘኝ። ይለቀኛል።»

ብርዱ ካለፈ ስንት ጊዜው! ሽታ ጠፍቶባታል፤ ሁሉም እንጨት እንጨት ይላታል። ለልጇ አልነገረችውም። እኔም እንዳልነግረው ለመነችኝ። በግልምጫ ነው የለመነችኝ፣ ግን ልመና ነበር።

መጋቢት 8፣ ቅዳሜ

ልጄ አላነሳችም። ታናሽ እህቴ ግን አነሳች። የሆነውን ሁሉ ሰምታለች።

«አንቺ እኮ ማንንም አታሳልፊም» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ፊትሽ ሲቀርብ ቀይ እስክሪብቶ ይታየዋል።»

«ምስሩ አርሮ ነበር።»

«ይረር! ልጅሽ በአርባ ዓመቷ ሰው ወደደች። ምስሩን ውጠሽ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?»

እኔ ልጅ ሆኜ ባደግኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ውጠን ዝም ነበር የምንለው። ነፍሳት ያለበት ባቄላ ቀርቦልን «እናመሰግናለን» ብለን በልተናል። ከዚያ ቤት ስወጣ ሁለተኛ ውሸት አልውጥም አልኩ። ይህን ለእህቴ አላልኳትም። ስልኩን ዘጋሁት።

ወስኛለሁ። ልጄ ያንኑ እራት፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ እንደሚገባው ሆኖ ትበላለች። ያኔ ማን ትክክል እንደነበር ይታያል።

መጋቢት 10፣ ሰኞ

ሚዛኔንና የግድግዳ ሰዓቴን በዘንቢል ይዤ ወጥ ቤቱ ገባሁ። አሮጊቷ አየቻቸውና «ልትሸጫቸው ነው?» አለች።

አስረዳኋት። ከሙኑ ይመዘናል፣ ዘይቱ ይለካል፣ ሰዓቱ ይያዛል፤ አፍንጫም ምላስም አያስፈልግም። ሞከርን። መጀመሪያ ጥሬ ሆነ። ሁለተኛው አረረ። እሳቱ ያው፣ ሚዛኑ ያው። ዘይቱ ትናንት የተከፈተ ከሆነ ሌላ፣ ዛሬ ከተከፈተ ሌላ፤ መስኮቱ ክፍት ከሆነ ሌላ።

«እንግዲያ እኔ ልቅመስልሽ» አልኩ።

«እሱ ሳይቀምስ?» ብላ ሥዕሉን ተመለከተች። ከዚያ እኔን ተመለከተች፣ ትክ ብላ፣ የሥጋ ብልት እንደሚመርጥ ሰው። «ምላስሽን አልፈልግም። አፍንጫሽን አበድሪኝ።»

ሳጥኗ አጠገብ ወንበር አስቀመጠችልኝ። ከሙኑ ዘይቱ ላይ ሲያርፍ በመጀመሪያ የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ከዚያ የለውዝ። ከለውዝ ወደ ጢስ የሚሻገርባት ቅጽበት አለች፤ እዚያች ላይ «አሁን» እላለሁ፤ እሷ ምስሩን ትደፋበታለች። ሁለት ጊዜ ዘገየሁ። ሦስተኛው ላይ ደረስኩ።

«ለምንድን ነው ይህን ሁሉ የምትለፊው?» አለችኝ።

ስለ ልጄ ነገርኳት።

«ልጅሽ የተቆጣችው በኔ ምስር ነው?»

«ሌላ በምን?»

ድስቷን አማሰለች።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

በየቀኑ እየሄድኩ ነው። ጉልበቴን ያመኛል። ልብሴ ሁሉ ከሙን ከሙን ይላል።

ልጄ መልእክት ላከች፦ «ደህና ነኝ። ሥራ ይዤ ነው።» ከዚያ ሌላ ምንም። አምስት ቃል ነው የላከችው። አምስቱም በትክክል ተጽፈዋል።

መጋቢት 18፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከአሮጊቷ ጋር ተጣላን።

ምራቷ ሳህን ልትወስድ ገብታ «ትንሽ ላማስልልዎት?» አለቻት። አሮጊቷ ዞር ሳትል «ሽንኩርቱን ወፍራም የምትከትፊ ልጅ፣ ምን ታማስያለሽ?» አለቻት። ምራትየዋ ሳህኗን አንስታ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። የጠረጴዛ ጨርቅ ስታጣጥፍ አገኘኋት፤ ያንኑ አንዱን ደጋግማ ታጥፋለች።

«እማማ፣ ሽታ እንደማይገባት እኔም አውቃለሁ» አለችኝ። «የጋዙ ቱቦ ያፈሰሰ ዕለት ነው ያወቅኩት፤ ሮጬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ለባሌ አልነገርኩትም። ከዚያ ቤት ካስወጣት ትሞታለች።»

«ታዲያ ለምን አትረጃትም?»

«ማን ጠይቆኝ? እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ነገር ደህና ሠርቼ አላውቅም።»

ተመልሼ ገባሁና አሮጊቷን ወቀስኳት። «ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?» አልኳት። «እኔ ዕድሜ ልኬን ወንበር ላይ ተቀምጬ አላሸትልሽም። አፍንጫ ያላት ልጅ ቤትሽ ውስጥ አለች። አንድ ቀን ‹ጎበዝ› ብትያት ምን ይጎድልብሻል?»

«ካመሰገንኳት ትሰንፋለች።»

«ካላመሰገንሻት ትሄዳለች!»

አሮጊቷ ማማሰሏን ተወች። «አንቺ ነሽ ይህን የምትይኝ?» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ምራት የለኝም።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ

አነሳች!

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እሑድ ሳምንት ያንን እራት እንደገና እንድትበሉ ፈልጌ ነው። ሁለታችሁም። ያው ቤት።»

«ለምን?»

«በትክክል ስለሚሠራ።»

«እማ፣ ነገሩ እኮ እራቱ አልነበረም።»

«ምስሩ አርሮ ነበር።»

የምትሠራበት የሥዕል ጠረጴዛ ወንበር ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል። ዘይት ቢደረግበት ምን አለ ልል ነበር፤ አላልኩም።

«እሺ፣ እንመጣለን» አለች በመጨረሻ። «ግን አንድ ሳህን ከመለስሽ ያኔውኑ ተነስቼ ነው የምወጣው። ከዚያ በኋላ አትደውዪልኝ።»

ወጥ ቤቱ ውስጥ ካለሁ፣ የምመልሰው ነገር አይኖርም።

መጋቢት 26፣ ረቡዕ

ምራትየዋ ዛሬ ከጎኔ ቆመች። ተሟግቼ ነው ያስገባኋት። አሮጊቷ ጀርባዋን ሰጥታናለች፣ ጆሮዋ ግን እኛ ጋ ነው። «አሁን» ስል፣ ልጅቷ ከኔ እኩል «አሁን» አለች። አሮጊቷ ደፋች። ለሥዕሉ ቀረበ፤ ከዚያ ሦስታችንም ቀመስን።

«ሽንኩርቱ ያው ወፍራም ነው» አለች አሮጊቷ።

ልጅቷ ግን ፈገግ አለች። ስለ ምስሩ አንድም ክፉ ቃል እንዳልወጣ ገብቷታል መሰለኝ።

ሚያዝያ 1፣ ሰኞ

ትናንት ደክሞኝ ሳልጽፍ ተኛሁ። አሁን በወጉ ልጻፈው።

ሽርጥ ታጥቄ ከእራቱ ሰዓት በፊት ገባሁ። ቤቱ ከፊሉ ሞልቶ ነበር። ምራትየዋ እንግዳ ታስተናግዳለችና ምድጃው ጋ እኔና አሮጊቷ ብቻ ነን። ከሙኑ ዘይቱ ላይ አረፈ። አፈር፣ ከዚያ ለውዝ። በዚያች ቅጽበት የመንገዱ በር ተከፈተ፤ በመስኮቱ ቀና አልኩ።

ልጄ ናት። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። አባቷን መሰለች። በሩ ላይ ቆማ ጠረጴዛዎቹን በዓይኗ ዞረች፤ እኔን ስታጣ ትከሻዋ ወረደ። እፎይታ ይሁን ሐዘን አላወቅኩም። ይህንኑ ለመለየት ስሞክር «እህቴ?» አለች አሮጊቷ።

«አሁን» አልኩ።

ዘግይቼ ነበር። አፍንጫዬ ነገረኝ፤ እኔ ግን «አሁን» ብያለሁና ተደፋ።

ሳህኑን ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። ልጄ ሽርጡን አይታ አፏን ከፈተች።

«እማ? ምን እየሠራሽ ነው?»

«ብሉ» አልኩ።

ሰውዬው ቀመሰ። ማንኪያውን አስቀመጠ። ልጄን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ከሙኑ ትንሽ አርሯል።»

ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከሒሳብ መቀበያው አንገቱን አሰገገ።

«ትንሽ?» አልኩት።

«እሺ፤ ትንሽ እንኳ አይደለም።»

ደሜ ወደ ጆሮዬ ሲወጣ ተሰማኝ። ስንት ቀን የለፋሁበትን! ጉልበቴን ያጣሁበትን! በአንድ ማንኪያ! አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ይህ ነገር ከወዲያኛው ወገን እንዲህ እንደሚያቃጥል የነገረኝ የለም። ወይም ነግረውኝ ይሆናል።

«ታዲያ ባለፈው ይጣፍጣል ይጣፍጣል ያልከው ምንህን ነክቶህ ነው?»

«እግሬን ነው የነካኝ» አለ። «ልጅዎ በጠረጴዛው ሥር ስትረግጠኝ ነበር። ‹የፈለገችውን ብትል ይጣፍጣል በል፣ አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ምስር ነው የምናወራው› ብላኝ ነው የመጣነው።»

ልጄ ፊቷ ቀላ። «ፈርቼ ነው» አለች ለጠረጴዛው ጨርቅ።

እኔን ነው የፈራችው። አርባ ዓመቷ ነው።

ሳህኑን አነሳሁ። «ይህን እመልሰዋለሁ» አልኩ። «ያሳረርኩት እኔ ነኝ፤ በሩን ሳይ ነው ያረረው። የራስን መመለስ ይፈቀዳል ወይስ ተነስተሽ ትወጫለሽ?»

ልጄ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። በአፍንጫዋ ነው የምትስቀው፤ ትንሽ ሆና ስትስቅ እንደዚያ አይሳቅም እያልኩ እቆጣት ነበር።

ወጥ ቤት ስገባ አሮጊቷ ምራቷን ጠርታ ሳጥኑ አጠገብ አቁማታለች። «አንቺ አሽቺው» ትላታለች። «ይህቺ አስተማሪ ዛሬ ልቧ ሜዳ ሄዷል።» ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ እናቱንና ሚስቱን ያያል። «እማዬ፣ ምንድን ነው የምታሸትልሽ?» አለ። «አንተ የማታየውን» አለችው። ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ፤ ስለ ቆርቆሮው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሳህን መደርደር ጀመረ።

ሁለተኛው ምስር ትክክል ነበር። ምራትየዋ ናት ያደረሰችው። ሰውዬው ሁለት ጊዜ አስጨመረ፤ ይጣፍጣል ግን አላለም። ቂጣው የሚጋገርበትን ሊያይ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ እኔና ልጄ ብቻችንን ቀረን።

«እንዴት አየሽው?» አለችኝ።

«ይናገራል።»

«ይህ ምስጋና ነው?»

«ከኔ ከመጣ፣ ነው።»

ቂጣዋን ቆረሰች፤ አልበላችውም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ያልለቀቀኝን ጥያቄ ጠየቅኳት። «ያን ዕለት ልትጠይቁኝ የመጣችሁት ምን ነበር?»

«ምስክር እንድትሆኚልኝ። ከኔ ወገን የምትፈርሚው አንቺ እንድትሆኚ።»

«አሁንስ?»

«ሌላ ሰው ጠየቅኩ፣ እማ። የሥራ ባልደረባዬን። እሺ ብላለች፤ ቀሚስም ገዝታለች።»

ደግ አድርገሻል አልኳት። ቃል የተሰጠው ሰው አይሻርም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሩዜን ጨረስኩ። ትንሽ ውሃ በዝቶበት ነበር። ጨረስኩት።

«ግን ነይ» አለችኝ ካፖርቷን ስትለብስ። «ሦስት ሰዓት ላይ ነው።»

ሚያዝያ 4፣ ሐሙስ

ምራትየዋ ብቻዋን ምሳ አወጣች። አንድም ሳህን አልተመለሰ። አሮጊቷ «ሽንኩርቱ?» ስትል «ቀጭን ነው፣ ይዩት» አለቻት። አየችው። እንከን አላወጣችለትም።

እኔ ዛሬ የገባሁት ለመሰናበት ነበር፤ ወንበሬ ላይ የሽንኩርት ከረጢት ተቀምጦበታል። አሮጊቷ አነሳችውና «ተቀመጪ» አለችኝ።

ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ

ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ወንበሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው የታሰሩ ናቸው። ግድግዳውን ተደግፌ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባልደረባዋ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ቆንጆ ነው፤ ጫፉ በደንብ አልተሰፋም። ፈረመች። ጽሕፈቷ አይነበብም። ምንም አላልኩም።

ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የቆመችው። የቀሚሷ ኮሌታ ከኋላ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሹሙ አንቀጹን ሲያነብ ታጥፎ ነበር፤ ሲፈርሙ ታጥፎ ነበር። ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ብድግ ልል ነበር፤ እጆቼን ቦርሳዬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው ማለት ይቻላል። የልጄ ቀን ነው። ታጥፎ ይዋል።

ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ከእሱ እጅ ተላቃ፣ በሰዎቹ መካከል አልፋ፣ ወደኔ መጣች። የምታቅፈኝ መስሎኝ ተነሳሁ። እሷ ግን ፊቷን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ አንገቷንም ዝቅ አደረገችልኝ።

«በይ አስተካክዪው፣ እማ» አለችኝ። «ከገባሁ ጀምሮ ዓይንሽ እዚያ ላይ ነው፤ ይሰማኛል እኮ።»

አስተካከልኩት። ቶሎ አልጨረስኩም።